ወደ መቃብር የታጠፈው አንገሬብ

ባለፈው ሰሞን የደም ግፊት ኪኒኔ አልቆብኝ ወደ ሆስፒታል ወጣሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ያንን ሽታውን ለቆት ነበር። ይህ አፈር ሲረጥብ የሰሊጥ ፋጉሎና የዛገ ብረት የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ አለው፤ ያልኖረበት ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ ግን ወጣትነቴ ይመጣብኛል። ጫማዬ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት ፍቄ ወደ ግቢው ስዘልቅ፣ ወጣት ሐኪሞች አንድ አንገሬብ ተሸክመው ይንገዳገዳሉ። አንገሬብ የሱዳን የጠፍር አልጋ ነው፤ ሰው ይተኛበታል፣ ይወለድበታል፣ ሲሞትም በሱ ላይ ተጋድሞ ይሸኛል። ከላዩ አንዱ ጓደኛቸው እንደ በሽተኛ ተኝቶ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል። አንድ ሽማግሌ ከዘራውን እየወዘወዘ "ዝቅ አድርጉት! ትከሻ ላይ አታውጡት ብያለሁ! ፊቱንስ ማን ነው የሸፈነው?" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት።

"ዶክተር ኢድሪስ?" አልኩ።

ዞረ። መነጽሩን አውልቆ በጀላቢያው ጠረገና መልሶ አደረገው። "አያሌው? ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አልሞትክም እንዴ?"

"አንተ ሳትቀብረኝ ወዴት እሄዳለሁ!" አልኩት።

አረብኛ አንቱታ ስለሌለው ነው እንዲህ የምንዳፈረው እንጂ፣ ባማርኛ ቢሆን እሱን አንተ የሚል አንደበት የለኝም። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተመታታን። ያ ጦርነት ካርቱም ላይ ከተነሣ ወዲህ ስንቱ ትልቅ ሰው ገዳሪፍ መጥቶ በሰው በረንዳ ላይ ተኝቷል፤ እሱም ከነተማሪዎቹ ተሰዶ መጥቶ ኖሯል። ተማሪ ስላችሁ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። ሁሉም የጨረሱ ሐኪሞች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ሌላ ልዩ ስልጠና የሚወስዱ። የሚማሩትም የታመመው ሆስፒታል እስኪደርስ ሳይጠብቁ እዚያው በወደቀበት፣ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ማዳንን ነው። ኢድሪስ ራሱ ይህንኑ ሊማር ወደ ገዳሪፍ ሲላክ ጸጉሩ ከሰል የመሰለ ጎረምሳ ነበር።

ያን ጊዜ እኔ የኢስዓፍ ሾፌር ነበርኩ። ኢስዓፍ አምቡላንስ ማለት ነው፤ ግን የዛሬውን ባለመብራት መኪና እንዳታስቡ። የኔዋ ጣራዋ ሸራ የሆነ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች፤ ደወል ስለሌላት ክላክሷን እየረገጥኩ ነበር የምከንፈው። ከጎንደር ወዲህ የተሻገርንበትን ምክንያት ሁሉም ስለሚያውቀው አላነሣውም። የማነሣው ከተማዋን ነው። አቤት ገዳሪፍ! በአንዲት ጉርሽ ሳንቲም ሻይ ተጠጥቶ መልስ የሚሰጥበት ዘመን! ፉሉ በሰሊጥ ዘይት ተጥለቅልቆ፣ ጅብናው፣ አይቡ ማለቴ ነው፣ ከላዩ ተፈርፍሮ፣ ለጠገበም ለተራበም ይበቃ ነበር። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ስኳር ማሽተትም አይቻል። እግሩ እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ የሚደርስ ሸሚዝ ለብሰን፣ አፍሯችንን አበጥረን፣ ገበያው መግቢያ ጥግ ላይ ካለው ካሴት ቤት ፊት እንገተራለን። ባለካሴቱ ሱዳኒ ነው፣ የሚያጫውተው ግን ያገራችንን ዘፈን ነው። አንዲት የአማርኛ ቃል የማያውቅ የሱዳን ጎረምሳ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ጣቶቹን እያጮኸ፣ ግጥሙን ከኛ አብልጦ ይለዋል። ማታ ማታ ጣራ በሌለው ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም እናያለን። ባለቤቴ ትርንጎ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት፤ ሕንዶቹ ገና መዝፈን ሳይጀምሩ እሷ ማልቀስ ትጀምራለች። ዛሬ ያ ካሴት ቤት ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሆኗል፤ ሲኒማ ቤቱም የእህል መጋዘን ነው።

ኢድሪስ የመጣው በክረምት መግቢያ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት የካርቱም ልጅ። መምህሩ "አንድ ክረምት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥ፤ መንገዱን ሳታውቅ የመንገድ ሐኪም አትሆንም" ብሎ ላከው አሉ። ሆስፒታሉ በሙሉ ሳቀበት። በሽተኛ ወደ ሐኪም ይመጣል እንጂ ሐኪም በሽተኛ ፍለጋ ይዞራል እንዴ! እኔም አላገጥኩበት።

"ዶክተር፣ እስኪ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን አጥፍተህ ነው እኔ ዘንድ የጣሉህ?"

"ጥፋቴ መማር ማብዛቴ ነው" ይለኛል፤ ይስቃል። ጭቃ ሲይዘን ግን ሸሚዙን አውልቆ ይገፋል። አንድ ቀን ሲገፋ ጎማው ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ አለበሰውና ነጭ የቀረው ጥርሱ ብቻ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትደርስ እናቷ ወዳለችበት ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ሄደች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ስደት ቢሆንም ወግ አይቀርም ብላ አማቴ ሞግታ ወሰደቻት። የምሠራው ሆስፒታል፣ የሚስቴ መውለጃ ካምፕ! ጉድ እኮ ነው። አንድ ጠዋት ከካምፑ በሎሪ የመጣ ሰው "እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድ ልጅ ተገላግላለች" ሲለኝ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። "ደሙ ግን አልቆም አላት" ብሎ ጨመረ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ኢድሪስ ቁልፉን ከእጄ ነጥቆ መኪናዋን ሊያስነሣ ሲል ነው ነፍሴ የተመለሰችው።

ደርሰን ሳያት አላወቅኋትም። የጠይም መልኳ አመድ ሆኗል። ኢድሪስ ግሉኮስ ሰካላት፤ ሆዷን በሁለት እጁ እየጨመቀ "እንዳትተኛ አናግራት!" ይለኛል። እኔ ምን ልበላት፣ "ትርንጎ፣ ትርንጎ" ብቻ። አማቴ ሕፃኑን ታቅፋ ቀረች፤ ሌላ ሴትም አብራን አልተሳፈረችም፣ ቦታም አልነበረም። ስከንፍ ስከንፍ የከተማዋ ትልቁ የእህል ጎተራ፣ ሲሎው፣ ከሩቅ እየታየን ኾሩ ጋ ደረስን። ኾር በጋ አሸዋ፣ ክረምት ወንዝ የሚሆን ቦይ ነው። ውሃውን ተሻገርነው፤ ማዶ ያለው ጭቃ ግን መኪናዋን እስከ ሆዷ ዋጣት።

እዚያው ዳስ ሠርታ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሮጣ አንገሬቧን አመጣችልን። ከሰሊጥ አረም የሚመለሱ አራት ሰዎች ደግሞ ምንም ሳንለምናቸው ተሸክመው ትከሻቸው ላይ አወጧት። ግሉኮሱ አልቋል። ኢድሪስ ሸሚዙን ቀዶ ሆዷን አስሮበታል፤ እስከ ወገቡ ራቁቱን ነው፣ ጭቃ በጭቃ። ካፊያ ጀመረና ፊቷን እንዳይመታት የለበሰችውን ቶብ ጎተት አድርገን ሸፈንናት። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ልብስ ነው።

እዚህ ላይ የሱዳንን ወግ ላልኖረበት ልንገር። ሬሳ ሲያልፍ ያየ ወንድ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሻዩን ይተዋል፣ ሱቁን ይተዋል፣ ሄዶ ትከሻውን ከአንገሬቡ ሥር ያስገባል፣ ጥቂት ተሸክሞ ለሌላው ይለቃል። አጅር አለው ይላሉ፤ ጽድቅ ማለታቸው ነው። ሟቹ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ደግሞም ከበሽተኛ ጋር ሴቶች ይከተላሉ፤ ወደ መቃብር የሚሄደው ግን ወንድ ብቻ ነው። እኛ ታዲያ ፊቷ የተሸፈነ ሰው በትከሻ ተሸክመን፣ አንዲት ሴት ሳትከተለን፣ ከተማ ገባን።

የመጀመሪያው ሰው ከጋራዥ ወጥቶ ትከሻውን ሲያስገባ "እግዜር ይስጥህ" አልኩት። ከሻይ ቤቱ ሌሎች ተነሡ። ከመስጊድ በር ብዙ ሰው መጣ። እነዚያ አራቱ፣ ትርንጎ በሕይወት እንዳለች የሚያውቁት፣ እየተተኩ እየተተኩ ወደ ኋላ ቀሩና ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል! ፈጠነልን፣ ሱዳን እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው እላለሁ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ማለት ሲጀምሩ እንኳ አልነቃሁም፤ ለምኑም ለምኑም ይሉታል ብዬ። መንታው መንገድ ጋ ስንደርስ፣ ግራው ወደ ሆስፒታል፣ ቀኙ ወደ መቃብር፣ አንገሬቡ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ክው አልኩ። የማየውን ማመን አቃተኝ። "አልሞተችም! ሚስቴ በሕይወት አለች! መልሱ!" ብዬ በማውቀው አረብኛ ሁሉ ጮህኩ። አንድ ሽማግሌ እንባው በጢሙ እየወረደ አቀፈኝና "ሰብር ያ ወለዴ፣ ቻለው ልጄ። እኛም በየተራችን እንዲህ ብለናል" አለኝ።

ወይ ጉዴ! ለካ ሐዘንተኛ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በጮህኩ ቁጥር የያዙኝ እጆች በዙ፤ በታገልኩ ቁጥር ይበልጥ አዘኑልኝ። አንዱ ራሴን ይዳብሳል፣ አንዱ ውሃ ሊያጠጣኝ ይታገለኛል። ኢድሪስ ወዲያ ማዶ "ሐኪም ነኝ! አስቀምጧት!" ይላል። ራቁቱን ጭቃ ተለውሶ ሐኪም ነኝ የሚልን ሰው ማን ያምነዋል? "ወንድሟ ነው፣ መስኪን፣ አእምሮው ተነካ" ተባባሉ። የሰው ልጅ በደግነት ብዛት ሰውን በቁሙ ሊቀብር ይችላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

እንደ ምንም ተፈልቅቄ አንገሬቡ ጋ ደረስኩና ከቶቡ ሥር የወጣ አንድ እግሯን ጨበጥኩ። ቀዝቅዟል። ወደ ኋላ ይጎትቱኛል፣ እኔ እግሯን ይዤ አብሬ እሮጣለሁ። ኢድሪስ በወዲያ በኩል የእጇን አንጓ ይዞ ይሮጣል። ድንገት እጇን ለቀቀ። ከዚያ ከሲታ ሰውነት ይወጣል በማትሉት ድምፅ "አል ፋቲሃ!" ብሎ ጮኸ።

ፋቲሃ ለሞተ ሰው የሚደግሙት ጸሎት ነው። ሐኪሙ ራሱ ሞተች አለ! ሰማይ ተደፋብኝ። ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ፋቲሃ ሲባል የሰማ ሁሉ ቆሞ ሁለት መዳፉን ይዘረጋል፤ አንገሬብ ተሸክሞ ደግሞ መዳፍ መዘርጋት አይቻልም። ሊያወርዱት ዝቅ ሲያደርጉ አንዱን ተሸካሚ ጭቃው አዳለጠውና አንገሬቡ በሱ በኩል ዘፍ ብሎ ወደቀ። ወዲያው "በሕይወት አለች!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ቀና ብዬ ሳይ ግማሹ ሰው ይሸሻል፣ ግማሹ "አላሁ አክበር!" ይላል፣ ኢድሪስ አንገሬቡ ላይ ወጥቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ በጡጫው ሆዷን ይጫናል። "ሆስፒታል! ሩጡ!" ይላል። ሩጫ ማለት ያኔ ነው። ሊቀብሯት የወጡት ሰዎች እሷንም እሱንም አንድ ላይ ተሸክመው በረሩ። ሆስፒታል ደርሰውም ክንዳቸውን ዘርግተው ተሰለፉ፤ ደም የሰጧት እነሱው ናቸው።

ልጃችንን ተረፈ አልነው። ከዚያ ወዲህ በሠርጉም፣ በማኅበሩም፣ በለቅሶ ቤቱም ይህን ታሪክ ያላወራሁበት ቦታ የለም። "ሕዝቡ በጩኸት አልቆም ሲለው በጸሎት አቆመው! አያችሁ የተማረ ጭንቅላት!" እላለሁ። ለኪኒኔ በወጣሁበት በዚያ ጠዋትም ኢድሪስ ለተማሪዎቹ "ይህ ሾፌሬ ነበር" ሲላቸው ሳልጠየቅ ጀመርኩላቸው። እንደ ወትሮው እጄን አወናጭፌ፣ ፋቲሃውን በሱ ድምፅ ጮኼ ጨረስኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ኢድሪስ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

"አያሌው፣ ይህን ነገር እንዲህ አድርገህ ነው የምታወራው?"

"ታዲያ እንዴት ላውራው?"

"እኔ ምንም ዘዴ አላሰብኩም" አለ። "የእጇን የደም ሥር ስፈልገው አጣሁት። እየሮጥኩ፣ እየተገፋሁ፣ አንገቷን እንኳ ሳልነካ ሞታለች ብዬ አመንኩ። ፋቲሃ ያልኩት ለነፍሷ ነው። አንገሬቡ ሲወድቅ አቃሰተች። ያ ሰው ባያዳልጠው ኖሮ አብሬያቸው ሄጄ አፈር አለብሳት ነበር።"

ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። "ቆማችሁ አንገት ሳትነኩ፣ ትንፋሽ ሳታዳምጡ መንገድ ላይ ማንንም ሞተ አትበሉ ስል የምቆጣው ለዚህ ነው።"

"ለምን ያኔ አልነገርከኝም?" አልኩት።

"እግሬ ላይ ወድቀህ እያለቀስክ እንዴት ልንገርህ? በማግስቱ ደግሞ ያንተ ወሬ ከተማውን አዳርሶ ነበር። ሳትቀብረኝ ወዴት እሄዳለሁ ስትለኝ ዛሬም ውስጤን ነው የወጋኸኝ" አለኝ።

ኪኒኔን ረስቼ ወጣሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኔ ግን የዕድሜ ልክ ጉዴን በአንድ ጠዋት ሰማሁ። በገበያው መሐል ሳልፍ ሰላምታ የሚሰጠኝን ሁሉ አላየሁም። ስናደድ፣ ስደነግጥ፣ መልሼ ስናደድ ስዞር ውዬ ወደ ማታ ቤቴ ደረስኩ። የጨነቀኝ ትርንጎ ናት። ኢድሪስ በየወሩ ለማርያም ስሙን ጠርታ የምትጸልይለት ሰው ነው። ልንገራት ወይስ ይዤው ልሙት? ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የደረቀ ባሚያ ትለቅማለች። አፌ አላስችል አለኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ፊቷ አልተለወጠም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂ?"

"ሰምቼዋለኋ! ዓይኔ አልገለጥ፣ ምላሴ አልነቃነቅ አለኝ እንጂ ጆሮዬማ ይሰማ ነበር። እጄን ሲለቀው አወቅሁ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ የልቅሶ ድምፅ እኮ አይጠፋኝም።"

"ይህን ሁሉ ዘመን! አንቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ ዘመን እንደ ሞኝ ሳወራ ዝም ትያለሽ?"

"ደስ ብሎህ ስታወራ ምን ልበልህ? ደሜንስ ያቆመው እሱ አይደል? ሞተች ብሎ ካበቃ በኋላ አፍሮ አልሸሸም፣ ተመልሶ በጉልበቱ ወጣብኝ። ስንቱ ነው እንዲህ የሚመለሰው?"

"እኔ ግን አንጀቴ አረረ! እንዴት ይለቅሻል? ሐኪም ሆኖ እንዴት እጅሽን ይለቃል?"

ባሚያውን አስቀምጣ ቀና አለች።

"እሱን ተወው፣ እሱ ባዳ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ፣ ማተቤን እንኳ ሳያዩ ሊቀብሩኝ ነው ብዬ ስርበተበት፣ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። እግሬን የያዘ እጅህ። አያሌው ይዞኛል፣ አያሌው አይለቀኝም እል ነበር። እሱ ፋቲሃ ሲል አንተም ለቀቅኸኝ።"

በየሠርጉ ሳወራው፣ ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ እንዴት እንደተቀመጥኩ እያሳየሁ ነበር እኮ የማወራው። "እኔማ፣ ሐኪሙ ሞተች ሲል ጊዜ፣ ትርንጎ፣ እኔማ..." አልኩ። እንባዬ መጣ።

"አሁን ደግሞ ምን ያስለቅስሃል? ተቀይሜህ ቢሆን ይህን ሁሉ ዓመት ልብስህን አጥብልህ ነበር? ነገ ኢድሪስን ምሳ ጥራው፤ ተማሪዎቹንም ይዞ ይምጣ። እንግዲህ ሁለታችሁም እኩል ናችሁ፤ አንገታችሁን ደፍታችሁ ትበላላችሁ።"

ይህን ብላ ያንን እግሯን ምንጣፉ ላይ ወደኔ ዘረጋችው። "በል ያዘው፣ ዝናብ ሲመጣ ይቆረጥመኛል" አለች።

ያዝኩት። የምሽቱ የመግሪብ አዛን ተጀምሮ እስኪያልቅ አልለቀቅኩትም።